የጠፋ ገጽ ፍለጋ፣ ከደሴ እስከ ደጋን

ስለ ስደቱ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ነው የሚወጣው። ውሻ ይጮኻል፣ እናት በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች፣ ሻንጣው በጨለማ ይጫናል። የእኔ እንዲያ አልነበረም። እኔ ከደሴ የወጣሁት በቀን በብርሃን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ምሳዬን በልቼ ነው። ለዚያውም ሁለት ጊዜ። አንዴ እናቴ ያቀረበችውን፣ አንዴ ደግሞ ጎረቤቶቻችን "የመንገድ ነው" ብለው ያመጡትን። አውሮፕላኑ የሚነሣው ከኮምቦልቻ ስለነበር የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሆዴም ሞልቷል፣ ዓይኔም ሞልቷል፤ ልጄ ኢማን ጭኔ ላይ ተኝታለች። ያኔ አራት ዓመቷ ነበር።

ደሴ ብርድ ስለነበር ወፍራም ሹራብ ለብሼ ነበር የወጣሁት። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲለኝ አወለቅሁና ለባለቤቴ ለሰዒድ ሰጠሁት። በልቅሶና በስንብት መሐል ሹራቡ እሱ ትከሻ ላይ ቀረ። ጀርመን አገር በኅዳር ብርድ በስስ ሸሚዝ የገባች ሴት ብትኖር እኔ ነኝ።

ኢማን የነቃችው አውሮፕላን ጣቢያው በር ላይ ነው። "የት ነን?" አለችኝ።

"ኮምቦልቻ።"

"ደሴ መቼ እንመለሳለን?"

"አንቺ አሁን ከአባትሽ ጋር ትመለሻለሽ።"

"አንቺስ?"

ሰዒድ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አስቀመጣትና "እማ አሮጊቶች ልትጠብቅ ሄዳ፣ ከዚያ እኛን ትጠራናለች" አላት። እውነቱን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቋንቋውን ተምሬ፣ አረጋውያንን እየተንከባከብኩ የምማርበት የሥልጠና ቦታ አግኝቼ ነበር የምሄደው። ኢማን እናቴ ዘንድ ደሴ ትቆያለች፤ ሰዒድ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኝ ስለሆነ በየሳምንቱ እየወጣ ያያታል። ዕቅዳችን ይኸው ነበር። እኔ እገባለሁ፣ ሥራ እይዛለሁ፣ እጠራቸዋለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ደሴ እያለሁ ምን እሠራ እንደነበር ልንገራችሁ፤ ካለዚያ የደረሰብኝ ነገር ምን ያህል እንደሚያስቅ አይገባችሁም። የአባቴ ታናሽ ወንድም አያ ይማም ፒያሳ አካባቢ ኢንተርኔት ቤት አለው። ፎርም የሚያስሞላ፣ ውጤት የሚያይ፣ ዘመዱን የሚፈልግ ሁሉ እዚያ ይመጣል። እኔ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ እስክሰደድ ድረስ እዚያ ነበርኩ፤ የምታወቀውም በአንድ ነገር ነበር። ሰው አንድ ጊዜ አይቶት የጠፋበትን ገጽ መልሼ አገኝለታለሁ።

"ሐያት፣ ያቺን ገጽ አውጭልኝ" ይሉኛል።

"የትኛዋን?"

"ባለፈው ያየናትን።"

ባለፈው የሚሉት ያለፈውን ዓመት ሊሆን ይችላል። ከኩታበር የሚመጡ አንድ ቄስ ነበሩ፤ የልጃቸውን ኮሌጅ ገጽ ፈልገው። "አባ፣ ገጹ ምን ይመስል ነበር?" አልኳቸው። "ከላይ አረንጓዴ ነው ልጄ። መሐሉ ላይ መነጽር ያደረገ ሰው ይስቃል።" "ስሙስ?" "የሰውየው?" "የገጹ አባ።" "እሱን እግዜር ይወቀው" አሉኝ። አገኘሁላቸው። እንዴት አገኘሽው ብትሉኝ፣ ሰው የገጽ ስም አይይዝም፤ የዋለበትን ቀን ግን አይረሳም። ከማን ጋር እንደመጣ፣ ዝናብ ይዘንብ እንደነበር፣ ከዚያ በፊት ምን እንዳየ፣ መብራት ሄዶ እንደነበር ይነግራችኋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ የታዩ ገጾችን የሚመዘግብበት ሂስትሪ የሚባለው ዝርዝር ውስጥ ያንን ቀን ፈልጎ ማውጣት ነው። ሥራዬ ከኮምፒውተር ይልቅ ወሬ መጠየቅ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ነገር ግን ይኸው ዝርዝር አንድ ቀን ጉድ አደረገን። አንዲት ሴት ከቤተሰቧ ተደብቃ የዓረብ አገር የሥራ ፎርም ሞልታ ሄደች። ከእሷ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የባሏ ወንድም ነበር። ሰውየው አንዲት ፊደል ሲነካ ኮምፒውተሩ ገጹን ከነስሟ አወጣለት። የሆነው ሁሉ ሆነ፤ ሴትዮዋ እየጮኸች መጥታ በሰው ፊት አዋረደችን፤ እውነት ነበራት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአያ ይማም ሕግ አወጣሁለት። ደንበኛ ከወንበሩ ሲነሣ ሂስትሪው ይጠረጋል፤ ለተመላላሽ ደንበኞች ደግሞ መንገዱን በደብተር እንጽፍላቸዋለን። ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። አያ ይማም "የሰው ጉዳይ አማና ነው፣ አደራ ነው፣ ወላሂ አንድ ቀን አላጓድልም" ብሎ ማለ። ምሎ የማያፈርስ ሰው በመሆኑ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

እንግዲህ ጀርመን ገባሁ። ስለ ብርዱ ብዙ አልነግራችሁም፤ የደሴ ሰው ብርድ አይነገረውም። የጉሙ ነገር ግን ገረመኝ። የእኛ አገር ጉም ጧት ይመጣል፣ ረፋዱ ላይ ይሄዳል። የዚህ አገር ጉም ኪራይ ከፍሎ የሚኖር ነው የሚመስለው። ሰላምታቸው ደግሞ "ሃሎ" ብቻ ነው። አማን ነሽ፣ ልጅሽስ፣ እናትሽስ፣ ከብቱስ የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ሰሞን አብሮኝ ለሚሠራ ሰው እንደምን አደርክ ስለው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እየጠበቅሁ ቆሜ እቀራለሁ፤ እሱ ግን ሄዷል። ሌላው የሚያስቀው ሁሉም ሰው እርስዎ መባሉ ነው። እናንተም ስትመጡ ታዩታላችሁ፤ በአክብሮት ነው እምቢ የሚሏችሁ።

ያከራየችኝ ፍራው ሽሚት የምትባል ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ፍራው ማለት ወይዘሮ ማለት ነው። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ጠበቀችኝ።

"ቆሻሻዎን አየሁት" አለችኝ።

"ምን ሆነ?"

"የእንቁላል ቅርፊት ለወረቀት ብቻ በተለየው ቅርጫት ውስጥ ጥለዋል።"

"ይቅርታ ፍራው ሽሚት።"

"እኔን ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም።"

ታዲያ ማንን ልጠይቅ፣ ወረቀቱን? እንዲህ አላልኳትም። የቤቱን ደንብ አንድ ገጽ ሙሉ አትማ ሰጠችኝ፤ መስኮት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት፣ ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድምፅ እንደማይሰማ የሚል። ይህን ዝምታ ሩሄ ይሉታል። በቀን፣ በብርሃን፣ ሰው ዝም እንዲል በወረቀት ሲታዘዝ ያየሁት እዚህ ነው።

ሥራዬ ግን መልካም ነበር። የምንከባከባቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ወደዱኝ፤ እኔም ወደድኳቸው። ዓመት ሞልቶ ሥልጠናው ሲጋመስ ሰዒድና ኢማን እንዲመጡ ማመልከት ቻልን። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፤ ከአገር ቤት በእነሱ በኩል መጀመር ነበረበት። ሰዒድ ደሴ ወጥቶ አያ ይማም ዘንድ ፎርሙን ሞላ። አያ ይማም የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። "አልሐምዱሊላህ" ብለን ተቀመጥን።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ሰኞ፣ የምኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ጠራኝ። ቀጠሮ እዚህ ተርሚን ይባላል፤ ያለ ተርሚን ሰላምታም የለም። የተቀበለኝ ወጣት ሰው ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ቁልቋል አለች።

"የልጅዎ የልደት ምስክር ወረቀት ትርጉም አልተያያዘም" አለኝ።

"ይኸው ይዤዋለሁ።"

"እኔ አልቀበልም። በገጹ በኩል ነው የሚገባው።"

"ገጹ የት ነው?"

"እርስዎ የከፈቱበት።"

"እኔ አይደለሁም የከፈትኩት። ባለቤቴ ነው፣ ኢትዮጵያ ሆኖ።"

"እንግዲያው ባለቤትዎ የከፈቱበት።"

"ጠፍቶብን ከሆነስ?"

"ገጹ አይጠፋም። የሚጠፋው አድራሻው ነው።"

"እሺ፣ አድራሻውን ይንገሩኝ።"

"ለእኔ አይታየኝም። ለአመልካቹ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው። 'ይህን አድራሻ ያስቀምጡ' የሚል በቀይ ተጽፎበታል፤ በኢሜይልም ይላካል።"

"እስከ መቼ ነው ጊዜው?"

"እስከ ዓርብ። ከዚያ መዝገቡ ይዘጋል። እንደገና ማመልከት ግን ይችላሉ" አለና ደግነቱ እንዲታወቅለት ፈገግ አለ።

"እንደገና ባመለክት ምን ያህል እጠብቃለሁ?"

"ልጅዎ ስንት ዓመቷ ነው?"

"ስድስተኛዋን ይዛለች።"

ጣሪያውን አየ። "አንደኛ ክፍልን እዚያው ትጀምር ይሆናል። ሁለተኛንም።" ከዚያ ሰዓቱን አየና "ተርሚንዎ አብቅቷል" አለኝ። እኔም ለቁልቋሏ እጅ ነስቼ ወጣሁ፤ ከማን እንደተሰናበትኩ እንኳ አላወቅሁም።

እዚያው በር ላይ ቆሜ ለአያ ይማም ደወልኩ።

"አሰላሙ አለይኩም አያ ይማም።"

"ወአለይኩም ሰላም ሐያቴ! አማን ነሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል?"

"ብርዱን ይተውት አያ። ሰዒድ ፎርም የሞላበትን ገጽ አድራሻ ፈልጌ ነው።"

"ፎቶ አንስቼ ልኬልሽ የለ?"

"ፎቶው ላይ አድራሻው የለም። ከላይ ያለው ረጅሙ ጽሑፍ።"

"ኧረ እሱንማ ሆን ብዬ ነው ያስቀረሁት። ንስሩ በደንብ እንዲታይ ብዬ። የመንግሥታቸው ንስር እኮ ነው፣ እንዴት እንዳማረ አላየሽውም?"

አየሁት። ንስሩ አምሯል። "እንግዲያው ሂስትሪው ውስጥ ይዩልኝ አያ።"

"ሐያት፣ አንቺው አይደለሽ ያዘዝሽኝ? ደንበኛ ሲነሣ ይጠረግ ብለሽ።"

"የእኛንም?"

"የእናንተንማ አስበልጬ! የዘመድ ጉዳይ ለሰው ዓይን ይሰጣል? ወላሂ ሰዒድ ከወንበሩ ሳይነሣ ነው ያጠፋሁት።"

እስቲ ፍረዱኝ። የደሴን ሰው የጠፋ ገጽ ሁሉ ሳገኝ የኖርኩት እኔ፣ የገዛ ልጄን ገጽ በገዛ ሕጌ አስጠረግሁት። አያ ይማምን ልቆጣው እንኳ አልቻልኩም። ደብተሩ ላይ ግን መንገዱን ጽፎ ነበር፤ በደስታ አነበበልኝ። "ከመፈለጊያው ሦስተኛው፤ ንስር ያለበት። ግባ። ውስጥ ሁለተኛውን ሰማያዊ ትተህ ሦስተኛውን ያዝ። ውረድ፣ ውረድ፣ ውረድ። ቀዩ ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ።" ቤት እንደሚያመላክት ሰው ነው የጻፈው። ደሴ ውስጥ ማንም የቤት ቁጥር አይናገርም፤ ከቧንቧው በታች፣ አረንጓዴ ቆርቆሮ በር ነው የሚባለው፤ በሩም በማግስቱ እዚያው ይገኛል። የኢንተርኔቱ ሦስተኛ ግን በየቀኑ ይለዋወጣል። ተከትዬው ስገባ የጉዞ ሻንጣ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ገባሁ።

ማክሰኞን በኢሜይሉ ፈጀሁት። የሰዒድን ኢሜይል ድሮ የከፈተለት አንድ የፋብሪካ ጓደኛው ነው፤ የምስጢር ቃሉን ሰዒድ አያውቀውም፤ የታሰረበት ስልክ ቁጥር ደግሞ ከጠፋ ቆይቷል። ይህን ስሰማ ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ልጄ ትዝ አለችኝ። ማታ ማታ ስንደዋወል "መቼ ነው የምንመጣው?" ማለት ትታለች፤ እኔ ዘንድ መምጣትን እንደ ተረት ነው የምትሰማው። ሁለት ዓመት ተጨማሪ ብትቆይ ድምፄን እንጂ እኔን አታውቀኝም ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት በስደቴ አንድም ቀን እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ረቡዕ ጧት ስነሣ ግን ራሴን ታዘብኩት። ደሴ ሳለሁ ለሰው ሁሉ የማደርገውን ለራሴ አላደረግሁም። ሁለት ቀን ሙሉ "ገጹ የት ነው?" እያልኩ ነው የጠየቅሁት። ይህን የጠየቀ ሰው ገጽ አግኝቶ አያውቅም። ለሰዒድ ሥራ ላይ እያለ ደወልኩለት።

"ስለ ገጹ አልጠይቅህም" አልኩት። "የዚያን ቀን ውሎህን ንገረኝ። ከኮምቦልቻ በምን ወጣህ?"

"በሚኒባስ ነዋ። ምነው?"

"አጠገብህ ማን ነበር?"

"ሐያት፣ ማሽን አጠገብ ነኝ፣ አይሰማኝም።"

"ማን ነበር አጠገብህ?"

"ዶሮ የያዘች ሴትዮ። ዶሮዋ ሐረጎ ላይ ሱሪዬን አበላሸችብኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ አያ ይማም ጋ ገባሁ። ሱሪዬን አጠብኩ፣ ሻይ ጠጣን፣ ፎርሙን ሞላን። የኢማንን ፎቶ ልናስገባ ስንል ፎቶዋ ያለው እኔ ስልክ ላይ ሆነ፤ ገመዱ ደግሞ አልገባ አለ።"

"ታዲያ በምን አስገባችሁት?"

"ገጹ ላይ አንዲት ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረች ካሬ ወጣች፤ በስልክህ አንሣት አለን፤ ሳነሣት ገጹ ስልኬ ላይ ተከፈተ። ከስልኬ አስገባናት።"

ቁጭ አልኩ። "ሰዒድ፣ ገጹ ስልክህ ላይ ተከፈተ?"

"አዎ።"

"ዘጋኸው?"

"እኔ ገጽ ዘግቼ አውቃለሁ?"

አያውቅም። ሰዒድ ገጽ አይዘጋም፣ መሳቢያ አይዘጋም፣ የጥርስ ሳሙና አይዘጋም። በዚህ ምክንያት በትዳራችን ስንት ጊዜ እንደተጨቃጨቅን ጎረቤቶቻችን ይመሰክራሉ። ስልኩ ላይ የኳስ ዜናው፣ የማሽን መለዋወጫው፣ ሁሉም እንደተከፈተ ነው የሚከማቸው። ያን ዕለት ግን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

"በል አሁኑኑ ስልክህን አውጣና እይ!"

"ያ ስልክ እኔ ዘንድ የለም" አለኝ። "አዲስ ስገዛ ለእማዬ ሰጠኋት።"

የሰዒድ እናት እማማ ዘይነባ ደጋን ናቸው፤ ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ ባለች ከተማ፣ መንገድ ዳር። ባልዲ፣ ሳፋ፣ የፕላስቲክ ምንጣፍ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ስልኩን ሰዒድ የሰጣቸው በምስል እንዲደውሉበት ነው፤ ኢንተርኔትም በየሳምንቱ ይሞላላቸዋል። ረቡዕ ማታ ደውሎ "እማዬ፣ ነገ እስክመጣ ስልኩን ማንም እንዳይነካው" አላቸው። ከዚህ የከፋ ነገር ሊላቸው አይችልም ነበር። ልጃቸው ስልኩን ሊነጥቃቸው የሚመጣ መሰላቸው።

ሐሙስ ቀን ሥራ የምገባው አመሻሽ ላይ ስለነበር ቤት ሆኜ ጠበቅሁ። እዚህ ቀኑ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ሰባት ሰዓት አልፎ ሰዒድ ከሱቁ ውስጥ በአዲሱ ስልኩ ደወለልኝ። እማማ ዘይነባ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ባዶ ነው።

"አሰላሙ አለይኩም እማማ ዘይነባ።"

"ወአለይኩም ሰላም ልጄ። አማን ነሽ? ከስተሻል።"

"አልከሳሁም እማማ።"

"እንዲያው ነው እንጂ። ይህ ልጅ ስልኬን ሊወስድብኝ ነው የመጣ። አንቺ ነሽ የላክሽው?"

"አልወስድብሽም አልኩሽ እኮ እማዬ!" አለ ሰዒድ። "የት አደረግሽው?"

"አልናገርም። ሰጥቶ መንሣት ከየት የመጣ ነው?"

ግማሽ ሰዓት ያህል ተለማመጥናቸው። ዓርብ ነገ ነው፤ እኔ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል። በመጨረሻ "እማማ፣ ስልኩን አይደለም የምንፈልገው፤ የኢማንን ጉዳይ ነው። እዚያ ውስጥ የኢማን ፎቶ ያለበት አንድ ገጽ አለ፤ እሱን ካላገኘን ጉዳይዋ ይበላሻል" አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። "ያቺን ፀጉሯን ተሠርታ የተኮሳተረችውን?"

"የቷን?" አልን ሁለታችንም።

መልስ ሳይሰጡ ተነሥተው ከተደራረቡት ባልዲዎች ሦስቱን አወጡና ከአራተኛው ውስጥ ስልኩን አነሡ። ሰዒድ እጁን ሲዘረጋ መቱት። "እጅህን ሰብስብ። እኔ አሳይሃለሁ።" አውራ ጣታቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ። ሰዒድ በትከሻቸው በኩል ስልኩን አስግጎ ያሳየኛል።

"ይቺን ቁጥር ያለባትን ሳጥን ትጫናለህ" አሉት። "ከዚያ ወደ ላይ ትገፋለህ። ይህ ኳስህ ነው፤ እለፈው። ይህ የማሽን ብረት ነው፤ እለፈው። ይቺን ፀጉሯን ቀይ የቀባችውን ሴትዮም እለፋት።"

"ሰዒድ፣ ማናት እሷ?" አልኩ።

"ወላሂ እኔ እንጃ!"

"ዝም በሉ፣ ታሳስቱኛላችሁ። ቀይ ማልያ የለበሰው ዘንድ ስትደርስ ቀስ በል። ከእሱ ቀጥላ ናት። ይኸችው።"

ኢማን ናት። ለፓስፖርት የተነሣችው ፎቶ፣ ሹሩባ ተሠርታ፣ ፎቶ አንሺውን ተቆጥታ። ከላይ ንስሩ፣ ከንስሩ በላይ ደግሞ ያ ረጅም አድራሻ፣ አንድም ፊደል ሳይጎድል። ትንፋሼ ተመለሰ ልበላችሁ? ከሰኞ ጀምሮ ተንፍሼ እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው።

"እማማ፣ ይህን ገጽ ከፍተውት ያውቃሉ?"

"በየጧቱ ነዋ። ሱቄን ሳልከፍት በፊት እሷን ነው የምከፍት። አንዲት ጎረቤት ስልክሽ ሞልቷል፣ ልጥረግልሽ ብላኝ ነበር፤ እንዲህ እንደ ሰዒድ እጇን መታሁላት።"

ሰዒድ አድራሻውን ላከልኝ። የትርጉም ወረቀቱን አስገባሁት። ገጹ ትንሽ አሰበና አረንጓዴ ምልክት አወጣ፤ "ተቀብለናል" የሚል። ጮኽኩ። የሠርግ ዕልልታ ነው ያቀለጥኩት። ሰዒድም ከዚያ ማዶ አላሁ አክበር እያለ ባልዲዎቹን አፈረሳቸው።

ወዲያው በሬ ተንኳኳ። ፍራው ሽሚት ናት። "ሩሄ!" አለችኝ፤ ሰዓቷን እያሳየች።

"ፍራው ሽሚት፣ ልጄ ልትመጣ ነው!"

አየችኝ፤ ዕንባዬን አየች። "እሺ" አለች፤ "ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይደሰቱ።" ደረጃውን ጥቂት ወርዳ ተመለሰችና ኢማን ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያ ለእሷ ብዙ ነው።

ስመለስ ሰዒድ ለእናቱ ገጹ ምን እንደሆነ እያስረዳቸው ነበር። ኢማን አገሯን ለቃ ወደ እኔ እንድትመጣ የተጻፈ ማመልከቻ እንደሆነ። እማማ ዘይነባ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ኢማን የምትኖረው ደሴ እናቴ ዘንድ ነው፤ የእሳቸው ጉልበት መንገድ አይችልም፤ የሚያገኟት በዒድ በዒድ ነው። በየጧቱ የሚያዩዋት ግን መሄጃዋ በተጻፈበት ገጽ ላይ ኖሯል። ይህን እኔ አስቤው አላውቅም ነበር፤ አፈርኩ።

"ኸይር ነው፣ ለደግ ነው" አሉ በመጨረሻ።

ቪዛው ከሁለት ወር በኋላ ተፈቀደ። የሁለቱም። ያን ቀን ምን እንደተሰማኝ ስደት ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሌላችሁ ደግሞ ከባድ ሸክም ከጀርባ ሲወርድ እንዴት እንደሆነ አስቡት። አልጋ ገዛሁ፤ ትንሽዬ፣ አጥር ያላት። የመምጫቸው ቀን ተቆረጠ። ሊመጡ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እማማ ዘይነባ ራሳቸው ደወሉልኝ። በምስል አይደለም፣ በድምፅ። ከዚያ በፊት በራሳቸው ደውለውልኝ አያውቁም።

"ሐያት፣ ልጅቷ ከስልኬ ወጣች።"

"እንዴት እማማ?"

"ሳጥኗን ተጫንኩ፣ ገፋሁ፣ ማልያው ጋ ደረስኩ። ቀጥሎ ያለው ነጭ ነው። ጽሑፍ ብቻ። ምን አድርጌ ነው ያበላሸሁት?"

ምንም አላበላሹም። ጉዳዩ ስላለቀ ገጹ ተዘግቷል፤ ያለው ጽሑፍ ያንን የሚናገር ነው። ይህን ነገርኳቸው። "ሌሎች ፎቶዎቿ አሉ እኮ እማማ፤ ሰዒድ ስልኩ ውስጥ ብዙ ትቶልዎታል" አልኳቸው።

"የት እንዳሉ አላውቅም። እኔ የማውቀው የዚያችን መንገድ ብቻ ነው።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "ድምፁን ከፍ አድርገው ስልኩን ፊት ለፊትዎ ይያዙት። አሁን የሚያዩትን ሁሉ ይንገሩኝ" አልኳቸው። ነገሩኝ። ፎቶዎቹን የምትከፍተውን፣ አበባ የምትመስለዋን ምልክት ለማግኘት ብዙ ደከምን። ሁለት ጊዜ ስልኩ ተዘጋብን፤ ሁለት ጊዜ መልሰው ደወሉ። መሐል ላይ ባልዲ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ "ቆይ፣ ከጀርመን ጋር ሥራ ይዣለሁ" ሲሉት ሰማሁ። ያቺን የተኮሳተረችውን ፎቶ ሰዒድ ስልኩ ላይ ከተዋቸው ውስጥ አገኟት። ጣታቸውን ሳያነሡ ተጭነው እንዲቆዩ ነገርኳቸው፤ የሚወጡትን ምልክቶች አንድ በአንድ እየነገሩኝ መርጠን፣ ፎቶዋን ስልኩ ሲበራ መጀመሪያ የሚታየው ቦታ ላይ አስቀመጥናት። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ፈጀ።

"አሁን የስልኩን መብራት ያጥፉትና መልሰው ያብሩት" አልኳቸው።

የመንገዱ መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል።

"ወጣች!" አሉ። "ገና ስነካው እሷው ናት። ምንም መግፋት የለም።"

"አዎ እማማ። ከእንግዲህ አትጠፋም።"

ደግመው አጠፉት፣ ደግመው አበሩት መሰለኝ፤ ቆዩ። እኔም አልቸኮልኩም።

"በይ እንግዲህ" አሉኝ፣ "አሁን ትምጣልሽ።"